ቁጥር አንድ ሲሊንደር የማን ነው

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም የባሌ ሙት ዓመት በወጣ በሳምንቱ፣ መቀሌ ሰሜን ክፍለ ከተማ ባለው ጋራዡ ውስጥ፣ ሠራተኞቹ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ በሚያዳምጡበት ሰዓት ነው። «ሰበይቲ ሓወይ፣ አንቺ ስፌትሽን ስፊ» አለኝ። የወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው። ወንድሙ በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ነበርኩ። የተዝካሩ ድንኳን ካስማ ሳይነቀል «አንቺ» ሆንኩ። ይህን የምጽፈው እንዲታወቅ ነው እንጂ እንዲታዘንልኝ አይደለም።

ነገሩ ስለ መኪና ነው። ባሌ የውሃ መሐንዲስ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ጆሮ የሚያስቀስር፣ ሻይ ሲያማስል እንኳ ማንኪያው ብርጭቆውን የማይነካ ሰው። እንዲህ ያለው ሰው በስተርጅና ምን እንደነካው ሳይታወቅ፣ ከኋላዋ ክንፍ ያላት፣ ስትነሣ ሰፈሩን የምትቀሰቅስ የጃፓን ባለ ቱርቦ መኪና ገዛ። ክንፉ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ስትፈጥን ከመሬት እንዳትነሣ ነው» አለኝ። ከሓወልቲ እስከ ቤታችን ባለው መንገድ ከመሬት የሚያነሣት ነገር ቢኖር ጉድጓዱ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በውቅሮ መንገድ ወጥቶ ይነዳትና ፊቱ በርቶ ይመለሳል። እኔን ሲያይ ፊቱ እንደዚያ የበራበት ቀን ትዝ አይለኝም። እሱ ግን ሞቷል፤ ከሞተ ሰው ጋር እዚህ አልከራከርም።

በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚን ስላልነበረ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች። ስለ እነዚያ ዓመታት ሌላ ነገር አልጽፍም። የደሴ ልጅ ነኝ፤ መቀሌ አግብቼ፣ መቀሌ ሠርቼ፣ መቀሌ ያረጀሁ። ከወዲያም ከወዲህም ስለተባልኩት ነገር የማወራው ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው። ቤንዚን ሲመለስ መኪናዋ ተነሣች። ባሌ ግን ተኛ፤ አልተነሣም።

ሊሞት ሲል አጠገቡ የነበርነው ወንድሙና እኔ ነን። «መኪናዋን አደራ» አለ። ለማን እንደሆነ አልተናገረም፤ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር። እኔ እስከማውቀው አደራ ማለት ጠብቅ ማለት ነው። ወንድሙ ግን ውሰድ ማለት ነው ብሎ ተረጎመው። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የንስሐ አባታችን፣ አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤት፣ አንድ ደግሞ የወንድምየው ወዳጅ የሆነ ጎማ ነጋዴ። መካከለኛ ነው ያሉትን ፍርድ ሰጡ። መኪናዋ እኔ ዘንድ ትቆይ፤ በደህና ከያዝኳት ትጽናልኝ፤ ሞተሯ በእጄ ከሞተ ግን አደራውን አልጠበቅሁምና ቁልፉን ለወንድሙ ላስረክብ። ጤንነቷን ማን ይከታተል ተባለ። በቤተሰቡ ውስጥ ጋራዥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሐኪሟም ወራሿም ያው ሰው ሆነ። ይህንኑ ስናገር «ክፉ አታስቢ» ተባልኩ። ክፉ ማሰብ ግን እንደ ስፌት የሚቀለኝ ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋን አልወዳትም ነበር። ወንበሯ ጠባብ ነው፤ ገብቶ ለመውጣት ሰው መጥራት ያስፈልጋል። የምሄድባት ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ነው፤ ከሁለተኛ ማርሽ ብዙም አላሳልፋትም። ክንፏ ነጠላ ለማስጣት ይመቻል። ነገር ግን የእኔን ዕቃ ሌላ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ «የእኔ ነው» ሲል መስማት አልችልም፤ የማልወደው ዕቃ ቢሆንም አልችልም።

ከጥቂት ወራት በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረች። መብራት ይዞኝ ስቆም ብርድ ብርድ እንዳለው ሰው ትንዘፈዘፋለች። አቀበት ላይ ስረግጣት ታነጥሳለች፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። መካኒኮች ይህን «ሚስ ታደርጋለች» ይሉታል። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ቤንዚኑ ገብቶለት ሳያቃጥለው ይቀራል፤ ሦስቱ ሲሠሩ አንዱ ይቀመጣል። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም።

ጋራዥ ወሰድኳት። የባሌ ወንድም የመመርመሪያ ማሽን አለው፤ እንደ ሙሽራ ጌጥ በሁለት እጁ ከሻንጣ ያወጣዋል፣ ሠራተኞቹ እንዲነኩት አይፈቅድም። ማሽኑን ሳይሰካ ግን በሽታውን አውቆታል።

«ቤንዚኑን ከየት ነው የምትቀጂው?» አለኝ።

«ከማደያ።»

«ማደያ ሲጠፋስ?»

«ሲጠፋ እንደ ሰው ሁሉ በላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት።»

«በቃ፣ ገደልሻት» አለ።

እሱም ከዚያው ጠርሙስ እንደሚቀዳ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ጥፋቱ የከፍታው ሆነ። ይህች መኪና የተሠራችው ለባሕር ዳርቻ አገር ነው፣ መቀሌ ላይ አየሩ ይሳሳባታል አለ። ባሌ ለዓመታት እዚሁ ሲያበራት አየሩ ወፍራም ነበር መሰለኝ። ከዚያ ቀጥሎ ጥፋቱ የአነዳዴ ሆነ። «ይህች የሩጫ መኪና ናት፤ ቀስ ብለሽ ስትነጃት ውስጧ ጥላሸት ይይዛል» አለ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው በቁሓ መንገድ ስበር አይቶኛል ተባለ። ቁሓ የሄድኩት ለቅሶ ረፍዶብኝ ነው። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ ቀስ ብዬም ፈጥኜም ሞተር የገደልኩ ሴት ሆንኩ።

ማሽኑ ሲሰካ ግን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቁጥር አንድ ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል ይላል። የቁጥር አንድን ካንዴላ ቀየረ። ማሽኑ አሁንም ቁጥር አንድ አለ። ለካንዴላው እሳት የሚልከውን ቦቢና ነቅሎ አዲስ አስገባ። አሁንም ቁጥር አንድ። የሲሊንደሩን ትንፋሽ በጌጅ ለካ፤ ጌጁ ደህና ነው አለ። ጌጁን በመዳፉ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አደረገና «ይህች ደግሞ ትዋሻለች» አለ። የሚፈልገውን ያልነገረው ዕቃ ሁሉ ተበላሽቷል። ከዚያ ለሠራተኞቹ እንዲህ ሲል አስተማራቸው፤ «ካንዴላው አዲስ፣ ቦቢናው አዲስ፤ አሁንም አንድ ካለ ችግሩ ውስጥ ነው። ውስጧ ተበልቷል ማለት ነው። ይህች መኪና ሞታለች፤ ተነሥታ የምትሄደው ስላልተነገራት ነው።» ሠራተኞቹ ሳቁ። ደመወዝ የሚከፍል ሰው ቀልድ ያስቃል።

አሁን ወደዚያ ቀን መጣሁ። ለመጨረሻ ጊዜ አያታለሁ ብሎ ጠራኝና ሄድኩ። ኮፈኑን ከፈተ። እኔን «ገብተሽ ጋዝ ስጪ» አለኝ። ጋራዥ ውስጥ ለሴት የሚሰጥ ሥራ ይኸው ነው፤ ተቀመጭና እርገጪ። ተቀምጬ ረገጥሁ። የዚህች መኪና ሲሊንደሮች እንደሌላው መኪና ቆመው አልተደረደሩም፤ ወደ ጎን ተኝተው ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ናቸው። ቁጥር አንድ በቀኝ በኩል የፊተኛው ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። ከፊት ለፊቴ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ማሽኑን እያነበበ «ቁጥር ሓደ፣ የማን» አለ።

በትግርኛ «ሓደ» አንድ፣ «የማን» ደግሞ ቀኝ ማለት ነው። ይህን መቀሌ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ተምሬዋለሁ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ሳይ ግን እጁ ያረፈው በእኔ በኩል ነበር። እኔ የተቀመጥኩት በመሪው ወንበር ነው፤ መሪው ደግሞ በግራ ነው።

«የማን?» አልኩት፤ በአማርኛ።

«እወ፣ የማን» አለኝ፤ በትግርኛ።

«አይ፣ የማን ቀኝ ነው ማለቴ ነው። ያንተ ነው የመኪናዋ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሠራተኞቹም አዩኝ። ያን ጊዜ ነው ያንን ያለኝ፤ «ሰበይቲ ሓወይ፣ ቀኝ አንድ ነው። አንቺ ስፌትሽን ስፊ።»

ስፌቴን በሚመለከት አንድ ነገር ልበል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የልብስ ቅድና ስፌት አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምነግረው መርፌ ስለ መያዝ አይደለም። ቀኝ የለባሹ ቀኝ ነው፣ የሰፊው አይደለም እለዋለሁ። ተማሪው አሻንጉሊቱ ፊት ለፊት ይቆምና የራሱን ቀኝ ይዞ ይሰፋል፤ ኪሱን በማይሆን ጡት ላይ ይለጥፋል፤ ቁልፉን በወንድ ሸሚዝ ላይ እንደ ሴት ያደርገዋል። ሁሉም አንድ ጊዜ ይሳሳታል። አንድ ጊዜ ተሳስቶ የሚያርመው ይሰፋል፤ «ቀኝ አንድ ነው» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሙያ ይሄዳል። አንዳንዱ ጋራዥ ይከፍታል።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው ለወራት ያክም የነበረው ጤነኛውን ሲሊንደር ነው። የታመመው በሌላ በኩል ተኝቶ ማሽኑ ደጋግሞ ስሙን ይጠራል፤ ሰውዬው ግን ደጋግሞ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል። ልነግረው እችል ነበር። ግን ስፌትሽን ስፊ ብሎኛል። አፌን ዘግቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ እየተንቀጠቀጠች ወደ ቤቴ ነዳኋት። በሳምንቱ እሑድ ሽማግሌዎቹ እንዲሰበሰቡና ቁልፉን እንድሰጥ እንደጠራቸው ከጎማ ነጋዴው ሚስት ሰማሁ።

ሰርቪስ ቤቴን የተከራየው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የሐዋሳ ሰው፣ መካኒካል ምህንድስና የሚያስተምር፣ እኔን «ማዘር» የሚለኝ። ቃሉን ባልወደውም ኪራይ ስለማያስረፍድ ታግሼዋለሁ። ይህን በሰማሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራሁትና መኪናዋን አሳየሁት። ደስ አለው። እሳት ለመቃጠል ነዳጅ፣ አየርና ብልጭታ እንደሚያስፈልገው ማብራራት ጀመረ። በጣቱ አየር ላይ ሥዕል ሠራ።

«ምድጃ አለኝ» አልኩት። «ይህንን አውቃለሁ። ግባና ጋዝ ስጥ።»

«እኔ ልግባ? ማዘር፣ ልንቀልልሽ እንጂ...»

«ግባ።»

ገባ። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። እኔ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቴን አደረግሁ። ድሮ ማሽን ሳይኖር መካኒኮች ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ሽቦ አንድ በአንድ እየነቀሉ ያዳምጡ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ደሴ ላይ አይቼዋለሁ። የሚሠራውን ሲነቅሉት ሞተሩ ይባስ ይንቀጠቀጣል። ቀድሞም የማይሠራውን ሲነቅሉት ምንም አይለወጥም። የዚህች መኪና ቦቢናዎች ከጎን ተደብቀው ነው ያሉት፤ በተለይ በቀኝ በኩል ትልቅ እጅ አይገባም፣ የእኔ ይገባል። የግራውን የፊተኛውን ሽቦ ነቀልኩ። ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። መልሼ ሰካሁት። ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ ወደ መኪናዋ ቀኝ። የፊተኛውን ነቀልኩ። ሞተሩ እንደነበረው ቀጠለ፤ ያው መንቀጥቀጡ፣ አልጨመረም አልቀነሰም። ሁለተኛ ጊዜም ሞከርኩት። ያው ነው።

መምህሩ ከውስጥ ሆኖ «ማዘር፣ ይሄ ምርመራ ስም አለው እኮ፤ የሲሊንደር ሚዛን ምርመራ ይባላል» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ። አጥፋው።»

ወጣና ቦቢናውን አየው። ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለበት። «ይኸው፣ ይህቺ ናት። ነገ የሚሸጥ ካገኘሁ እኔው እቀይርልሻለሁ።»

«አትቀይርም። ወደነበረበት መልሰን እንዘጋዋለን።»

«ለምን?»

«እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል።»

«ቦቢናና ሽማግሌ ምን አገናኛቸው?»

«በእናንተ አገር ሰው ንብረት የለውም?» አልኩት። እንደገና ሰካሁት፣ ኮፈኑን ዘጋሁ፣ ሸራዋን አለበስኳት። እስከ እሑድ ድረስ አላስነሣኋትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢዬ ውስጥ ወንበር ተደረደረ። የባሌ ወንድም በፒክአፑ መጣ፤ አዲስ ቱታ ለብሷል፣ ማሽኑን በሻንጣው ይዟል። ለእኔ ሰላምታውን በአማርኛ ሰጠና ለሽማግሌዎቹ በትግርኛ፣ በፍጥነት፣ እኔ አላውቅ ይመስል፣ «እዛ ማኪና ሞይታ እያ» ብሎ ጀመረ። ይህች መኪና ሞታለች ነው። ካንዴላውን መቀየሩን፣ ቦቢናውን መቀየሩን፣ ትንፋሿን መለካቱን ዘረዘረ። ጌጁ ያለውን ግን አልተናገረም። ወንድሜ አደራ ብሎኝ ነበር፣ ምን ያደርጋል፣ በማያውቃት እጅ ገብታ ቀረች አለና አንገቱን ሰበረ። ጎማ ነጋዴው ከንፈሩን መጠጠ።

የንስሐ አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ የምትይው አለሽ?»

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፣ አባ። ታሞ የሞተው ሲሊንደር የቱ ነው? እጁን ያሳርፍበት።»

ኮፈኑን ከፍቶ ሳያመነታ እጁን አሳረፈበት። «ቁጥር ሓደ። የማን።»

«የማን?» አልኩ።

«የማን እንጂ።»

«እኮ፣ የማን?»

«እወ፣ የማን በልኩኺ እንድየ።» ቀኝ ብዬሻለሁ አይደል ማለቱ ነው።

ጎማ ነጋዴው ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ትጠይቅሃለች ወይስ ትደግምልሃለች?» አለው።

አባ ግን አልሳቁም። ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃሉ፤ ለሁለቱም ወገን ንስሐ ሲሰጡ ነው የኖሩት። መቋሚያቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው «ናይ መን የማን?» አሉት። የማን ቀኝ ነው ማለታቸው ነው።

«ኣባ፣ ቀኝ ቀኝ ነው» አለ።

«አባ፣ ይቅርታዎን፣ መሪው ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ» አልኩ።

ይህን ለማየት ጎረቤት በአጥር ላይ ቢሰበሰብ አልፈርድበትም ነበር። አባ ረጅም ናቸው፣ ወንበሩ ለሩጫ የተሠራ ነው። ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ ጥምጥማቸው ጣሪያው ላይ ተጋጨ፣ መቋሚያቸው በሩ ላይ ተወሸቀ። ጡረተኛው ጎረቤት ከወዲህ ገፉ፣ ጎማ ነጋዴው ከወዲያ ሳበ፤ በመጨረሻ ተቀመጡ። ወንበሩ ሲውጣቸው «ሟቹ በዚህ ውስጥ ነበር የሚዝናናው?» ሲሉ ሰማሁ።

«አሁን ቀኝ እጅዎን ያውጡልኝ።»

መስቀላቸውን በያዘው እጅ ወደ ቀኛቸው ጠቆሙ። የባሌ ወንድም እጅ ግን እነሆ በግራቸው በኩል ሞተሩ ላይ ነው። ሁለቱ እጆች ለየቅል ሆነው ቆዩ። እሱ እጁን አላነሣም፤ ቢያነሣ እንደሚታይበት ገብቶታል።

«የመኪና ቀኝ በፊት ለፊቷ የቆመ ሰው ቀኝ ነው» አለ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል።

«እንዴት ይሆናል?» አሉት አባ። «በቤተ ክርስቲያን ሴቶች በስተቀኝ ይቆማሉ። እኔ ዞሬ ስባርክ በግራዬ ይሆናሉ። ታዲያ በዞርኩ ቁጥር ወደ ወንዶች በኩል እንዲሄዱ ላዛቸው?»

«ኣባ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው፣ ቅዳሴ አይደለም።»

«ኮምፒውተሩ ምን አለህ?»

«ቁጥር አንድ ነው አለኝ።»

«ቀኝ ነው አለህ?»

ዓይኑን ወደ ማሽኑ መለሰ። እኔም ጓንቴን አወጣሁ። ሞተሩን እንዲያስነሡ አባን ለመንኳቸው፤ ቁልፉን አሳየኋቸው። ስትነሣ አባ መስቀላቸውን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ እሳቸውም አብረው ይንቀጠቀጣሉ።

«አሁን አንተ በሞተችው ላይ ያለውን ሽቦ ንቀል» አልኩት።

«ያ የድሮ ሥራ ነው» አለ። «እንዲህ የሚሠራ መካኒክ አሁን የለም።»

«እኔም የድሮ ነኝ» አሉ አባ ከውስጥ። «ንቀል።»

ነቀለ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተወራጨ፣ ሊጠፋ ሆነ፤ አባ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይህቺ ጤነኛ ነበረች» አሉ ጡረተኛው ጎረቤት። እስካሁን ያልተናገሩ ሰው ናቸው።

ሰካው። እኔ በሌላ በኩል ዞሬ፣ በአባ ቀኝ በኩል፣ የፊተኛውን ነቀልኩ። ሁሉም አዳመጠ። ምንም የለም። ያው መንቀጥቀጥ። ሽቦውን በጣቶቼ መካከል ይዤ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

«ይህቺ ድሮም ሥራ አልገባችም ነበር» አለ ጎማ ነጋዴው፤ ወዳጁን ማየት ግን ትቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ከጤነኛው ሲሊንደር ላይ የነቀልከው አሮጌ ቦቢና የት ነው ተባለ። ጥዬዋለሁ አለ። አባ ደግመው ጠየቁት፤ ንስሐ የሚቀበል ሰው ደግሞ ሲጠየቅ የሚያሳየው ፊት አለ። ከፒክአፑ ኋላ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አወጣው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሏል። ለሌላ መኪና አስቦት ነበር። የተሰነጠቀውን ነቅዬ ያንን አስገባሁት፤ በዚያ በኩል ትልቁ እጁ ስላልገባ እሱ ሊያስገባው አልቻለም። ሞተሩን አስነሣን። መንቀጥቀጡ ጠፋ። ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያስነሣት የምትሰጠውን ድምፅ ሰጠች። ያን ድምፅ ከሞተ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ወደ ቤት ገብቼ ለሽማግሌዎቹ ውሃ አመጣሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ነው የተመለስኩት።

የባሌ ወንድም ማሽኑን ወደ ሻንጣው እየመለሰ «ስሕተቱ የቋንቋ ነው» አለ። «አማርኛና ትግርኛ ተጋጭተው ነው።»

«ቋንቋው አልተሳሳተም» አልኩት። «በሁለቱም ጠይቄሃለሁ።»

«በትግርኛ አልጠየቅሽኝም።»

«አባ ጠይቀውሃል።»

አባ ከወንበሩ ለመውጣት ሰው እየጠበቁ ነበርና ፍርዱን እዚያው ተቀምጠው ሰጡ። ሞተሯ አልሞተችም፤ በእጄ አልጠፋችም፤ እንዲያውም በእጄ ነው የዳነችው። መኪናዋ የእኔ ናት፣ ከእንግዲህ አደራ የሚባል ነገር አይነሣ አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እሺ አሉ። ጎማ ነጋዴው ከሁሉም ጮክ ብሎ ነው እሺ ያለው። ከዚያ እኔና እሱ ይቅር እንድንባባል ጠየቁን። ተባባልን። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። «ጥሩ መካኒክ ይወጣሽ ነበር» አለኝ። ምስጋና መስሎት ነው።

ሰኞ ዕለት ትራንስፖርት ቢሮ ሄጄ መኪናዋን በስሜ አዛወርኩ። የሚቀጥለውን ሰርቪሷን ቁሓ መንገድ ላይ ያለ ሌላ ጋራዥ አደረግሁ። የግቢዬን በር ቁልፍ አስቀየርኩ፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ለተከራዬ ሰጠሁት። በጥር የባሌ ወንድም ሴት ልጁን ሲድር፣ ሙሽሮቹ የሚሄዱባት መኪና ባለ ክንፏ ትሁን ብሎ አባን ላከብኝ። አልሰጥም አልኩ። ሰርጉ ላይ ግን ሄድኩ። በላሁ፣ ሙሽራዋን መረቅሁ፣ መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።